በምክር ክፍል ውስጥ ሦስተኛ ወንበር የለም

በቤተ ክርስቲያን ሐሜት በስሙ አይጠራም፤ «የጸሎት ርዕስ» ይባላል። «ስለ እገሌ ጸልዩ፤ ዝርዝሩን መናገር አልችልም እንጂ ነገሩ ከባድ ነው» ይባልና ዝርዝሩ ሳይነገር አያድርም። ረቡዕ በጸሎት ቡድን የተጀመረው ዓርብ በመዘምራን ልምምድ ላይ ሥጋ ይለብሳል፤ እሑድ ጉባኤው ሲበተን በር ላይ ከነማብራሪያው ይጠብቀናል። ድሬዳዋ ደግሞ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ከዚራ የተነገረ ወሬ ሳቢያን ለመድረስ ባጃጅ አይኮናተርም።

ዛሬ የምጽፈው አንድ ጊዜ ሾልኮ ከወጣ ባለቤቱን ከቤት፣ ከትምህርት፣ ከሥራ፣ አንዳንዴም ከሕይወት ስለሚያፈናቅል ምስጢር ነው። በመዘምራን መካከል ቆሞ የሚዘምር፣ ሕፃናትን የሚያስተምር፣ ልቡ ግን ወደ ተመሳሳይ ፆታ የሚሳብ ወጣት አለ። እኅትም አለች። «በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የለም» የሚሉ መሪዎች አሉ። የሌለ የሚመስላቸው ሊነግራቸው የደፈረ ስለሌለ ነው፤ ያልደፈረውም እነርሱን ስለሚያውቃቸው ነው።

ይህ ወጣት አንድ ቀን ብቻውን ወስኖ፣ ለማንም ሳይናገር ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ለመሄድ ቢያስብ፣ ባለሙያም ሲመርጥ የማያሸማቅቀውን፣ «በሽተኛ ነህ» የማይለውን፣ እንዳለ ተቀብሎ የሚያዳምጠውን ቢፈልግ፣ እኛ ምን እንላለን? የምንለውን አውቃለሁ። «ለምን መጀመሪያ ወደ መጋቢ አልመጣህም?» እንላለን። «ባለሙያው አማኝ ነው?» እንላለን። «እንዲህ ያለው ሰው ይባስ ያጠፋሃል» እንላለን። እኔ ልጁ ልክ ነው እላለሁ። መሄዱም ልክ ነው፣ አለመናገሩም ልክ ነው፣ የማያሸማቅቀውን መምረጡም ልክ ነው። ያልተስተካከልነው እኛ ነን፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ሦስተኛ ወንበር ስበን ካልተቀመጥን የምንል እኛ።

(ስለ ቃል አንድ ነገር ልበል። በመድረክም በሕግ መጽሐፍም የተለመደው ቃል የድርጊት ስም ነው። ምንም ያላደረገን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በድርጊት ስም መጥራት በሐሰት መመስከር ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አልጠቀምበትም።)

ከእኛ ዘንድ የሚያገኛቸውን መልሶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። የመጀመሪያው ጾም ጸሎት ነው። ጸሎትን የሚቃወም ሰው እዚህ መጽሔት ላይ አይጽፍም። ነገር ግን ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር መጀመሪያ የላከለት ስብከት አልነበረም። እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ነበር፤ ከዚያም እንደገና እንቅልፍ። ጥያቄው የመጣው ከብዙ ቀን በኋላ፣ ነቢዩ ጉልበት ካገኘ በኋላ ነው። እኛ ግን እንቅልፍ አጥቶ ሳምንታት የከረመን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ከብበን «ውጣ!» እያልን እንጮኽበታለን፤ አልወጣም ብለን በሳምንቱ ደግመን እንጠራዋለን። ልጁ ከዚህ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ወጥቶልኛል» ብሎ መዋሸትን። ሐሰተኛ ምስክርነቱን ደግሞ እኛው በእልልታ እንቀበለዋለን።

ሁለተኛው መልስ ይብሳል። «ቶሎ አግባ፤ ይለቅሃል።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የሚሳሱለት አክስቶች፣ በቅንነት የሚመክሩ ጋሼዎች፣ አንዳንዴም መጋቢው ራሱ ናቸው። እኔ ግን ይህን ምክር በሰማሁ ቁጥር የማስበው ስለ ሙሽራዋ ነው። ትዳር መድኃኒት ነው ካልን፣ ያ መድኃኒት ሰው ነው። ባል ስጠኝ ብላ ስትጸልይ የኖረች፣ «እግዚአብሔር መለሰልኝ» ብላ የመሰከረች እኅታችን ናት። ማንም አልነገራትም። ባሏ ለምን እንደሚርቃት አታውቅም፤ መልኳን ትጠረጥራለች፣ ገላዋን ትጠረጥራለች፣ በመጨረሻም ጸሎቷን ትጠረጥራለች። ልጅ ሲዘገይ አማቷ የሚጠይቁት እርሷን ነው። ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ጋብቻ ከመፈጸማቸው በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ መልካም ያደርጋሉ፤ ሰው ሳያውቅ መጎዳት የለበትም ብለው ነው። ታዲያ የዚያን ልጅ ምስጢር እያወቁ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው «ቀለበቱን አምጡ» የሚሉት በየትኛው ሕሊና ነው? ለአንዱ ልጅ ፈውስ ብለን ሌላዋን ልጅ የሰጠን ጊዜ ሁለቱንም አልረዳንም።

እዚህ ላይ አንዳንድ የተማሩ ወንድሞች ጣልቃ ይገባሉ። «እኛ እንደዚያ አይደለንም፤ ባለሙያ ዘንድ ይሂድ፤ ብቻ የሚለውጠው ባለሙያ ይሁን» ይላሉ። ዘመናዊ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ የዓለማውያን ሳይሆን የአማኞች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል የሚባል የክርስቲያን አገልግሎቶች ጥምረት ተመሠረተ። ሥራው ወደ ተመሳሳይ ፆታ የሚሳቡ ሰዎችን በጸሎትና በምክር መለወጥ ነበር። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሠራ። መጽሐፍ አሳተመ፣ ጉባኤ ጠራ፣ ምስክር አቆመ። በ2012 የድርጅቱ ፕሬዚዳንት አለን ቻምበርስ ከሚያውቃቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል የሁሉም ዝንባሌ እንዳልተለወጠ በአደባባይ ተናገረ። በጁን 2013 ደግሞ ድርጅቱ ስላደረሰው ጉዳት ይቅርታ ጠይቆ መዘጋቱን አስታወቀ። ልብ በሉ፤ ይህን የተናገረው የቤተ ክርስቲያን ጠላት አይደለም። ሥራውን ከማንም በላይ ከውስጥ ያየው፣ ሊዘጋው ከማንም በላይ የማይፈልገው ሰው ነው።

በዚያው ዘመን ሮበርት ስፒትዘር የተባለ ታዋቂ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር። በ2003 ሁለት መቶ ሰዎችን በስልክ አነጋግሮ አንዳንዶች ሊለወጡ ይችላሉ የሚል ጥናት አሳተመ። ጥናቱ በብዙ መድረክ ላይ እንደ ማስረጃ ተጠቀሰ። በ2012 ግን ስፒትዘር ራሱ ጥናቱ ያን አያረጋግጥም ብሎ ጽፎ በዚህ ምክንያት ጊዜያቸውንና ጉልበታቸውን ያባከኑትን ይቅርታ ጠየቀ። ጥናቱን የሰሙት ብዙ ናቸው፤ ይቅርታውን የሰሙት ጥቂት። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ያቋቋመው ቡድንም የተጻፈውን ሁሉ መርምሮ በ2009 ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ያለው ጥረት እንደሚሠራ በቂ ማስረጃ እንደሌለ፣ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ግን ገለጸ። የዓለም ጤና ድርጅትማ ጉዳዩን ከበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያወጣው ገና በ1990 ነው፤ የዚህ መጽሔት አንባቢ አብዛኛው ሳይወለድ።

ይህ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን አይነካም። አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት ሕይወቱን በዚያ ትምህርት ሥር ለመኖር ቢወስን የራሱ ውሳኔ ነው፤ ጥሩ ባለሙያም ያን ውሳኔ ያከብርለታል። የሌለን መድኃኒት «አለ» ብሎ መሸጥ ግን ትምህርት አይደለም፤ ንግድ ነው። አንድ አማካሪ በስድስት ወር እለውጥሃለሁ ካለህ ከተዘረጋው ሥጋ ይልቅ ሚዛኑን ተመልከት፤ ሰውዬው በምን እየመዘነህ እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባሃል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ወንበር እንምጣ። ሦስተኛው ወንበር እንዲህ ሲባል ይሰማል፦ «ሂድ፤ ወጪህንም እንችላለን፤ ባለሙያው ግን በየወሩ ለሽማግሌዎች ይንገረን።» አባባሉ እንክብካቤ ይመስላል። ነገር ግን ይህን የሰማ ልጅ ባለሙያው ፊት ተቀምጦ ለሽማግሌዎች የሚስማማውን ብቻ ይናገራል። ገንዘቡ ይወጣል፣ ሰዓቱ ያልፋል፣ ሕመሙ ግን አልተነገረም። ያልተነገረ ሕመም ደግሞ አይታከምም።

ኖኅ ሰክሮ በድንኳኑ ውስጥ በተገለጠ ጊዜ ካም ያየው ነገር እውነት ነበር። አልዋሸም፤ አልጨመረም። ወደ ውጭ ወጥቶ ነገረ፤ በቃ። ሴምና ያፌት ግን ልብስ ይዘው የኋሊት እየሄዱ ገቡ፤ ሸፈኑ፤ ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ። በረከቱ ወዴት፣ እርግማኑስ ወዴት እንደሄደ ዘፍጥረት 9ን ያነበበ ያውቃል። በእኛ ዘንድ ሐሜተኛ ሁልጊዜ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ «ውሸት ተናገርኩ እንዴ?» የሚል ነው። ካምም እንዲህ ማለት ይችል ነበር። ዮሴፍንም አስቡት። ማርያም መፀነሷን ባወቀ ጊዜ፣ ገና መልአኩ ሳይነግረው፣ በደል ተፈጽሟል ብሎ በሚያስብበት ሰዓት ነው ማቴዎስ ጻድቅ ያለው፤ ሊያጋልጣት ስላልወደደ። ጽድቁ የተመሰከረለት ዝም በማለቱ ነው።

«ማቴዎስ 18ስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ማቴዎስ 18 የሚናገረው ወንድምህ ቢበድልህ ነው፤ የሚጀምረውም አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ነው። ይህ ልጅ የበደለው ማንን ነው? መሳብ ተሰማው፤ ፈራ፤ እርዳታ ፈለገ። ከዚህ ውስጥ የቱ ነው ለጉባኤ የሚነገረው?

የአገራችን ሕግም በዚህ ጉዳይ ከብዙዎቻችን ይሻላል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር የሚያወጡ ሰዎችን ይቀጣል። ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ጠበቆች ተዘርዝረዋል። ከእነርሱ ጋር የሃይማኖት አገልጋዮችም አሉ። አዎ፤ መጋቢውና ነርሷ በአንድ አንቀጽ ሥር ናቸው። ባለቤቱ ካልፈቀደ፣ ወይም ሕግና ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር ምስጢሩ የባለቤቱ ነው። ይህን አንቀጽ በመሪዎች ሥልጠና ላይ አንብበን እናውቃለን?

«ነገሩ እኮ በሕግም የተከለከለ ነው» ይባላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በእሥራት ይቀጣል፤ እውነት ነው፤ ይህን ማንም ወጣት ሊያውቀው ይገባል። የሚቀጣው ግን ድርጊትን ነው። ስሜትን አይደለም፤ ስለ ስሜት ለባለሙያ መናገርንም አይደለም። ወንጀልን ያላሳወቀ ሰው ይቀጣል የሚለው አንቀጽ 443ም በመሠረቱ የሚመለከተው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጡ ወንጀሎችን ነው። ስለዚህ «ካልነገርኩ እጠየቃለሁ» የሚል አማካሪ ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ ለመናገር ሰበብ ይፈልጋል።

ምስጢር ሲወጣ የሚሆነውንም በዓይናችን አይተናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ነሐሴ አካባቢ፣ በቲክቶክ ላይ የሰዎችን ፎቶና ስም እየለጠፉ «ይኸው፣ አግኟቸው» የሚሉ፣ ለድብደባ የሚጣሩ ቪዲዮዎች ተሰራጩ። በዚያው ወር በአዲስ አበባ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየተወሰደ መሆኑ በከተማው አስተዳደር ተነገረ። እነዚያን ቪዲዮዎች ከተቀባበሉት መካከል አማኝ ወጣቶች አልነበሩም ብሎ የሚምል ካለ እጁን ያውጣ። የጸሎት ርዕሳችን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር መጨረሻው የት እንደሆነ ከዚያ ክረምት በኋላ አላወቅንም ማለት አንችልም።

እንግዲህ ለራሱ ለባለ ጉዳዩ ልናገር። ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ይህን የምታነቡት በወጣቶች ኅብረት መካከል ተቀምጣችሁ ፊታችሁን እንዳይለወጥ እየተጠነቀቃችሁ ሊሆን ይችላል። ቆይታችሁ ለብቻችሁ አንብቡት።

በድሬዳዋ «እንዲህ ያለ ሰው እቀበላለሁ» ብሎ ሰሌዳ የሰቀለ አማካሪ አታገኝም፤ በአዲስ አበባም አትፈልገው። እንዲያውም በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ይህን እያለ ራሱ ፈልጎ የሚጽፍልህን ተጠንቀቀው። ባለሙያ ደንበኛ አያሳድድም፤ ፎቶህን አይጠይቅም፤ የጓደኞችህን ስም አይጠይቅም። እንዲህ አድርገው ገመና ከያዙ በኋላ ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ። የምትፈልገው ፈቃድ ያለው፣ የሚሠራበት ክሊኒክ ወይም ቢሮ ያለው፣ ሙያውን ተምሮ የያዘ ሰው ነው። «አማካሪ» የሚለው ስም በአገራችን ርካሽ ነው፤ የአንድ ሳምንት ሥልጠና የወሰደም ይጠራበታል። የት እንደተማረ፣ ፈቃዱን ማን እንደሰጠው መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ልብስ ስታሰፋ እንኳ ልብስ ሰፊውን ትጠይቃለህ።

ስምህን ሳትናገር በስልክ መጀመር ትችላለህ። «አንድ ሰው ስለ ተመሳሳይ ፆታ መሳብ ቢነግርዎት እንዴት ነው የሚረዱት?» ብለህ ጠይቅና ዝም በል። «ይህማ ይድናል፤ አምጣው» ካለህ ስልኩን ዝጋ። «ቤተሰቡን መጥራት አለብኝ» ካለህም ዝጋ። «መጀመሪያ አዳምጠዋለሁ፤ የሚፈልገውን ከእርሱ እሰማለሁ» ካለህ ቀጠሮ መያዝ ይቻላል። ድንግጥ ብሎ ትንሽ ቢያመነታ አትፍረድበት፤ በዩኒቨርሲቲ ስለዚህ ጉዳይ ያስተማረው ላይኖር ይችላል። አላውቅም ብሎ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁሉን አውቃለሁ ከሚል ይሻላል።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉን መናገር የለብህም። እንቅልፍ አጣሁ ብለህ ጀምር፤ ልቤ ይመታል፣ ምግብ አልበላ አለኝ፣ ትምህርት አልገባ አለኝ በል። እነዚህም እውነት ናቸው። ሦስት አራት ጊዜ ሰውዬውን እይ። ምን እንደሚጽፍ ጠይቀው፤ መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ፣ ከእርሱ ሌላ ማን እንደሚያየው፣ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ የሰፈርህ ልጅ ብትሆን ምን እንደሚያደርግ። ስትናገርም የራስህን ተናገር፤ የሌላ ሰው ስም በማንም መዝገብ ላይ አታጽፍ። ያ የእርሱ ድንኳን ነው።

ምስጢርን የሚያፈርስበት ሁኔታ ካለ አስቀድሞ ይንገርህ። ራስህን ልታጠፋ ቀርበህ ከሆነ ዝም አይልም፤ ይህ ተገቢ ነው፤ ሁሉም ጥሩ ባለሙያ እንዲህ ያደርጋል። ዕድሜህ ከአሥራ ስምንት በታች ከሆነ ወላጅ መጠየቁ ስለማይቀር ለእናትህ ምን እንደሚነገር፣ ምን እንደማይነገር ከመጀመርህ በፊት ተስማሙ። በምን ቋንቋ እንደምትናገርም አስብ። ድሬ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት፤ በአማርኛ እየዘመርክ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የምታለቅስ ከሆነ ለቅሶህን የሚሰማ ሰው ፈልግ።

ብዙዎች ውጭ አገር ካለ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ጋር በቪዲዮ መነጋገርን ይመርጣሉ። ጥሩ ነገር አለው፤ ሰውዬውን ነገ መጋላ ገበያ ላይ አታገኘውም። ነገር ግን አሜሪካ ያለ ባለሙያ ፈቃዱ የሚሠራው በተሰጠው ግዛት ውስጥ ነው፤ ከአገር ውጭ ያለ ሰው ለማከም ይፈቀድልኛል ወይ ብሎ ራሱ ማጣራት አለበት፤ ጠይቀው። ደግሞም ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነገሩ ቢብስብህ እርሱ ከውቅያኖስ ማዶ ነው። ስለዚህ በቅርብ የምትሄድበትን አስቀድመህ እወቅ፤ ድል ጮራ ሆስፒታል አለ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና አለ። ድንገተኛ ክፍል ለመግባት ምክንያቱን መናገር ግዴታ አይደለም፤ «ራሴን እንዳልጎዳ ፈርቻለሁ» ማለት ይበቃል።

ከቤት ሆነህ የምትነጋገር ከሆነ ግድግዳው ይሰማል፤ ታናሽ እኅትህም ትሰማለች። የድሬ ሙቀት እዚህ ላይ ይጠቅምሃል፤ ከቀትር በኋላ ሱቁም ሰዉም ሲያርፍ ዛፍ ሥር ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የተቀመጠን ወጣት ማንም ምን ትሠራለህ አይለውም። ስልክህ የቤት ሁሉ ስልክ ከሆነ ግን መልእክቱን አትተው፤ የባለሙያውን ስምም በሙያው አታስቀምጥ። ዋጋውን ከመጀመሪያው ጠይቅ፤ ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ፣ ብትቀር ታስከፍላለህ ወይ ብለህ ጠይቅ። አራት ጊዜ ከፍለህ አምስተኛው ላይ ከምታቋርጥ በየአሥራ አምስት ቀኑ ብትሄድና ብትዘልቅ ይሻላል።

እምነቴንስ ያስጥለኛል ብለህ ትፈራ ይሆናል። ይህንንም ጠይቀው። «አማኝ ነኝ፤ እምነቴ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ያከብሩታል?» በለው። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ካልተውክ አትድንም የሚል አማካሪ ካጋጠመህ እርሱም ያው ነው፤ ሦስተኛ ወንበር ይዞ የመጣ ነው፤ የእርሱ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው እንጂ። የምትፈልገው ስትጸልይ የማይስቅብህን፣ ስትፈራም የማይሰብክህን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይደለም፤ አለ ግን።

ለመሪዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ2013 ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን የቆየ ኅብረት ያቋረጠችው በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ጉዳይ ነው። የረጅም ዘመን ወዳጅና የሥራ አጋር ነበሩ። በውሳኔው የሚስማማም የማይስማማም ሰው ዋጋ የሚያስከፍል ውሳኔ መሆኑን አይክድም። እንግዲህ ባሕር ተሻግረን ለአቋማችን ዋጋ ለመክፈል አቅም ካለን፣ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ የነገረንን ይዞ ዝም ለማለት የሚጠይቀውን ትንሽ ዋጋ መክፈል ለምን አቃተን? በጉባኤ ፊት ጮክ ብሎ መናገር ቀላል ነው። ከባዱ ከጉባኤው በኋላ ባለቤትህ «ያ ልጅ ምን ሆኖ ነው ሲያናግርህ የነበረው?» ስትልህ «ሰላም ሊለኝ ነው» ብሎ እራት መብላት ነው።

ስለዚህ ለወጣቶች ኅብረት አመራር አንድ ነገር አቀርባለሁ፤ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ዕቅድ ይያዝልኝ። ለስፖርት ማልያና ለጉዞ የምንይዘው ገንዘብ አለ። ከእርሱ ትንሽ ተቀንሶ የሥነ ልቦና ሕክምና ድጋፍ ይባል። ለሐዘንም ይሁን ለሱስ፣ ለፈተና ጭንቀትም ይሁን ለምንም፣ ምክንያት አይጠየቅበት፤ ምክንያት ከተጠየቀ ማን ለምን እንደወሰደ በሁለት ሳምንት ይታወቃል። የወሰደው ሰው ለገንዘብ ያዧ የሚያሳየው ደረሰኝ ብቻ ይሁን፤ ስም ያለበት ጥግ ተቀዶ፣ መጠኑና ማኅተሙ ቀርቶ። ገንዘብ ያዧም በመዝገቡ ላይ «ሕክምና» ብላ ቁጥሩን ትጻፍ። ኦዲተሩ ቅር ካለው ወደ እኔ ይላክ።